ዘግይቶ የሚሰማው

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቀን ከመስታወት መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ማንም ሳያዝዘኝ ግጥም እጽፋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ መሣሪያ፣ ያንንም መሣሪያ በገመድ ስለሚያዝዙት ቃላት ልጽፍ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። እኔንም አስገርሞኛል። ነገር ግን ወዳጆቼ፣ በሕይወቴ ካፈርሁባቸው ቀናት የአንዱን ትርጉም የገለጠልኝ መጽሐፍ ወይም ሽማግሌ ሳይሆን ይህ መሣሪያ ነውና ታሪኩን ከመነሻው ላውጋችሁ።

የገበያ ቀን በፍኖተ ሰላም የባንክ ቤት ሥራ ቀላል አይደለም። ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች ጎሕ ሳይቀድ የተነሣው ገበሬ በቆሎውንና በርበሬውን ሸጦ፣ ገንዘቡን በጨርቅ ቋጥሮ፣ ዱላውን ከበሩ ላይ አስቀምጦ ይገባል። ሰልፉ በሩን አልፎ ከመንገዱ ይደርሳል። አንዱን ሳስተናግድ የሌላው ትንፋሽ ይሰማኛል።

በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር አንዲት እናት በእኔ መስኮት ቆሙ። በመቀነታቸው ቋጥረው ያመጡት 38 ሺህ ብር ነበር፤ አንድ በሬና የዓመቱን በርበሬ የሸጡበት ነው። «ከቤት እንዳይቀመጥ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። እኔም የተሻለ ወለድ እንዲያገኙ በማሰብ ስለ አንድ ዓመት የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ነገርኋቸው። አሳቤ ቅን ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ስነግራቸው ዓይኔ ከኋላቸው በተሰለፈው ሕዝብ ላይ ነበር። ወለዱን፣ ገደቡን፣ ከገደቡ በፊት ማውጣት ቢፈልጉ የሚቀርባቸውን፣ ለዚያም የሚያስፈልገውን ማመልከቻና የኃላፊ ፈቃድ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወረድሁት።

«ገባዎት እማማ?»

«እሺ» አሉኝ።

ወረቀቱን አዞርሁላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኋቸው። ከዚያም «ቀጣይ!» አልሁ።

ግንቦት ላይ ተመልሰው መጡ። ልጃቸው ታሞ ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ሊወሰድ ነበርና ገንዘባቸውን ፈለጉ። ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱም ከቀትር በኋላ ነበር፤ ኔትወርክ ተቋርጧል፤ የጊዜ ገደቡን ውል አፍርሶ ገንዘቡን ለመልቀቅ የሚፈቅደው ኃላፊም በቦታው አልነበረም። የእኔ ምላስ ግን በቦታው ነበረች። «እማማ፣ ያን ጊዜ ነግሬዎት ነበር እኮ» አልኋቸው። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ሳስታውሳት ፊቴ ይግላል።

እርሳቸው አልተቆጡም። «አንተማ ነግረኸኝ ይሆናል ልጄ፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁ። ሰልፉ ረዝሞ፣ አንተም ቸኩለህ ሳይህ፣ ላላስቸግርህ ብዬ እሺ አልሁህ» አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካክለውም ባዶ እጃቸውን ወጡ።

በኋላ እንደ ሰማሁት ገንዘቡን በአራጣ ተበደሩ። ልጁ ዳነ፤ የቀረው በሬ ግን ለዕዳው ተሸጠ። ክረምት በደጅ ሳለ በሬ ያጣ ቤት ምን እንደሚሆን፣ የገበሬ ልጅ ነኝና፣ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። በወረቀቱ ብንሄድ እኔ ጥፋት የለብኝም። ነግሬያለሁ፤ እሺ ብለዋል፤ ፈርመዋል። ሌሊት ግን ወረቀቱ አያስተኛኝም ነበር።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ታናሽ ወንድሜን ልጠይቅ ወደ ባሕር ዳር ሄድሁ። መንገዱ እንደ ልብ የሚያስኬድበት ጊዜ ነበር። ሚኒባሱ ቡሬን፣ ኮሶበርን፣ ዳንግላንና መራዊን እያለፈ በዝናብ መካከል ይጓዛል፤ በግራ በቀኝ በቆሎው ከሰው ቁመት በልጦ ቆሟል። እኔ ግን በየማሳው የማየው በሬ የሌለበትን ሞፈር ነበር።

ወንድሜ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ወራሽ በሆነው የምሕንድስና ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተምሯል። በዚያን ጊዜ በከተማው በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ ነበር። በማግሥቱ «ወንድም ጋሼ፣ ና እስቲ የምውልበትን እይ» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

በጠረጴዛው ላይ አንድ ግራጫ ሣጥን አለ፤ ፊቱ ላይ አረንጓዴ የሚመስሉ ቁጥሮች ያበራሉ። ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሚለካ መልቲሜትር ነው። ከጀርባው የአውራ ጣት ያህል የወፈረ ገመድ ወጥቶ ወደ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ይሄዳል። በገመዱ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ 24 እግሮች አሉት። «ይህ ባስ ይባላል» አለኝ ወንድሜ። ትናንት በመጣሁበት ሚኒባስና በዚህ ገመድ መካከል ምን ዝምድና አለ ብዬ ሳቅሁ። እርሱ ግን አልሳቀም። ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት «ለሁሉም» የሚል ትርጉም ካለው «ኦምኒቡስ» ከተባለ የላቲን ቃል ነው አለኝ። ሚኒባሱ ሁሉን ያሳፍራል፤ ገመዱም ሁሉን ያገናኛል።

«እስቲ መጀመሪያ ስሙን ጠይቀው።»

በኮምፒዩተሩ ላይ የኮከብ ምልክት፣ ቀጥሎ አይ፣ ዲ፣ ኤን የተባሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት፣ በመጨረሻም የጥያቄ ምልክት አስጻፈኝ። ላክሁት። መሣሪያው ዓይን ሳይጨፈን መለሰ፤ መልሱም አራት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው የሠሪው ቤት ስም ነው፦ ሂውሌት ፓካርድ። ሁለተኛው የራሱ መጠሪያ፦ 34401ኤ። ሦስተኛው የመለያ ቁጥር ቦታ ነው፤ ይህ መሣሪያ ግን የመለያ ቁጥሩን አይናገርም፣ ዜሮ ብሎ ያልፋል። አራተኛው በውስጡ ያለው ፕሮግራም ስንተኛ እትም እንደ ሆነ ይገልጻል። የሂውሌት ፓካርድ የመለኪያ መሣሪያዎች ሥራ እ.ኤ.አ. በ1999 አጂለንት ወደሚባል ኩባንያ፣ በ2014 ደግሞ ኪሳይት ወደሚባለው ተላልፏል። ቤቱ ሁለት ጊዜ ስም ሲለውጥ ይህ አሮጌ ሣጥን ግን ማነህ ሲሉት የጥንት አባቱን ስም ይጠራል። በእኛ አገር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ «የማን ልጅ ነህ?» እንደሚባል አሰብሁና ሣጥኑን ወደድሁት።

እጄን ሰድጄ ከፊቱ ካሉት ቁልፎች አንዱን ተጫንሁ። አልሰማኝም። «አሁን የሚሰማው ገመዱን ብቻ ነው» አለ ወንድሜ፤ በፊቱ ላይ የበራችውንም ትንሽ ምልክት አሳየኝ። ትእዛዝ በገመድ ሲመጣለት የፊቱ ቁልፎች ይደነዝዛሉ። ወደ ሰው እጅ የሚመልሰው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ እርሱንም ጭምር የሚዘጋ ትእዛዝ አለ። ከዚያም የባትሪ ድንጋይ አገናኝቶ ቮልቱን በገመድ አስጠየቀኝ፤ መልሱ እስከ ሺህኛ ቤት ድረስ ተዘርዝሮ በኮምፒዩተሩ ላይ መጣ።

«በፊቱ ላይ ቃል ልታጽፈውም ትችላለህ፤ ከ12 ፊደል አይበልጥ እንጂ» አለኝ። «ምን ልጻፍልህ?»

ገጣሚ ነኝ ባዩ እኔ ቃል አጣሁ። ከአፌ የወጣው «እሺ በልልኝ» የሚል ነበር። የእኛን ፊደል አያውቅምና ወንድሜ በላቲን ፊደል ጻፈው። ሣጥኑ «እሺ» የሚለውን ቃል በፊቱ ላይ አበራ። ቃሉ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ አዝዘነው ነው። አየሁትና ዝም አልሁ። ወንድሜ ዝምታዬን አይቶ ምን ነካህ አለኝ። የዚያችን እናት ነገር የነገርሁት በዚያች ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገርሁትም ነበር።

ወንድሜ አጽናናኝም ወቀሰኝም አልልም። ጥቂት አሰበና ወደ ገመዱ ጠቆመ። «እዚህ ውስጥ የሚሆነውን ልንገርህ» አለኝ።

የነገረኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው። ይህ ባስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሂውሌት ፓካርድ ቤት ነው። በ1975 የአሜሪካ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም 488 የሚል ቁጥር ሰጥቶ የጋራ ደንብ አደረገው። በአንድ ባስ ላይ እስከ 15 መሣሪያ ይሰካል፤ የገመዱ ርዝመት ተደምሮ ከ20 ሜትር አይበልጥም። እያንዳንዱ መሣሪያ አድራሻ አለው፤ የእኛ ሣጥን ከፋብሪካው ይዞት የወጣው አድራሻ 22 ነበር። አንድ አዛዥ አለ፤ እርሱ «አንተ ተናጋሪ ሁን፣ እናንተ ስሙ» ብሎ ይመድባል። በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ነው፤ የሚሰሙት ግን ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የትእዛዝ ቃላት ነበሩት፤ በየገበያው ቁናው እንደሚለያይ ዓይነት ነው። በ1987 የወጣው ደንብ ስም መጠየቅን የመሰሉትን የጋራ ትእዛዞች ወሰነ፤ በ1990 ደግሞ ሠሪዎቹ ተስማምተው ቮልትን የሚጠይቀው ቃል በሁሉም ዘንድ አንድ እንዲሆን አደረጉ። ዛሬ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በዩኤስቢና በኔትወርክ ገመድ ይታዘዛሉ፤ የትእዛዙ ቋንቋ ግን አልተለወጠም። ጥቅሙም ግልጽ ነው፤ አንድን ልኬት ሺህ ጊዜ መድገም ሲያስፈልግ የሰው እጅ ይደክማል፣ ዓይንም ይሳሳታል።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከገመዱ ውስጥ ስምንቱ ሽቦዎች ፊደሉን ይሸከማሉ፤ አምስቱ ሥርዐት ያስከብራሉ፤ ሦስቱ ደግሞ ሌላ ሥራ የላቸውም፣ ሰሚው መስማቱን ብቻ ይጠብቃሉ። አንደኛው ሽቦ ሰሚዎቹ «ገና አልተዘጋጀሁም» የሚሉበት ነው። ሁለተኛው ተናጋሪው «ይኸው፣ ተናገርሁ» የሚልበት ነው። ሦስተኛው ሰሚዎቹ «ገና አልተቀበልሁም» የሚሉበት ነው። የሰሚዎቹን ሽቦ ብዙ እጆች ወደ ታች እንደያዙት ገመድ አስቡት። ዘጠኙ ቢለቁትና አንዱ ቢይዘው ገመዱ አይነሣም። ተናጋሪው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን የመጨረሻው እጅ ሳይለቅ አንዲት ፊደል አይወረውርም፤ ወርውሮም የመጨረሻው ሰሚ «ተቀበልሁ» ሳይል ሁለተኛዋን አያነሣም። ይህ የሚሆነው ለዓረፍተ ነገሩ ሳይሆን ለእያንዳንዷ ፊደል ነው። ባሱ በሰከንድ እስከ አንድ ሚሊዮን ፊደል ማሳለፍ ይችላል፤ ነገር ግን ከሰሚዎቹ አንዱ አዝጋሚ ከሆነ ሁሉም በእርሱ እርምጃ ይሄዳሉ።

«ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው ተናጋሪው አይደለም» አለኝ ወንድሜ። «ከሁሉ ዘግይቶ የሚሰማው ነው።»

ይህን ሲለኝ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያደግሁበት ቀዬ ትዝ አለኝ። አባቴ ከሸለቆው ማዶ ላለ ጎረቤት መልእክት ሲኖረው ከኮረብታው ጫፍ ቆሞ ስሙን እየጠራ ይጮኻል። ነገሩን ግን አይናገርም፤ ይጠብቃል። ነፋስ ካለ ደግሞ ይጠራል። ከማዶ «ወይ!» የሚል ድምፅ ሲመጣ ያን ጊዜ ነገሩን ይጀምራል፤ እርሱንም ቆራርጦ ነው። «ላምህ!» ይላል፤ «እ!» ይሰማል። «ከእኛ መስክ!» ይላል፤ «እ!» ይሰማል። «ገብታለች!» ይላል። ያ ጎረቤት ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ነበርና አባቴ ብዙ ጊዜ ይደጋግም ነበር፤ ሲሰለች ግን አላየሁትም። ፊደል ያልቆጠረው አባቴ የሦስቱን ሽቦዎች ሥራ በሚገባ ያውቅ ነበር። ዲግሪ የያዝሁት እኔ ግን ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ በመስታወት ማዶ ለቆሙ እናት፣ «ወይ» መባሌን ሳልጠብቅ ነገሬን ጨረስሁ።

«እርሳቸው ግን እሺ ብለውኛል እኮ» አልሁት ወንድሜን፤ ራሴን ለማዳን የቀረችኝ የመጨረሻ ገመድ ነበረች።

ያን ጊዜ ሁለተኛውን ነገር አሳየኝ። የቮልቱን ጥያቄ አንድ ፊደል አሳስቶ ጻፈና ላከው። ፊደላቱ ሁሉ በሥርዐቱ ደረሱ፤ ሦስቱ ሽቦዎች ሥራቸውን ሠሩ፤ ሁሉም ነገር «ተቀበልሁ» ተባለ። ከዚያም ሣጥኑ አንድ ጊዜ «ጢጥ» አለና በፊቱ ላይ የስሕተት ምልክት በራ። «መቀበል ሌላ፣ መረዳት ሌላ» አለኝ። መሣሪያው ያልገባውን ነገር በልቡ መዝገብ ይይዛል፤ እስከ 20 ድረስ በተርታ ያስቀምጣል። ነገር ግን ካልጠየቁት ምን እንዳልገባው አይናገርም። ወንድሜ ስሕተቱን የሚጠይቀውን ትእዛዝ ላከ፤ «ከዜሮ በታች 113፣ ያልታወቀ ቃል» የሚል መልስ መጣ። ደግሞ ጠየቀው፤ «ዜሮ፣ ስሕተት የለም» አለ። መዝገቡ ባዶ ሆነ።

ያገሬ ሰዎች፣ እኛ ጎጃሞች በቅኔ እንመካለን። የዋሸራንና የጎንጅን ስም ስንሰማ ደረታችን ይነፋል። አንድ ቃል ሰምም ወርቅም እንደሚሸከም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሲነገረን አድገናል። የመሣሪያው ቋንቋ ይህን አያውቅም፤ ለአንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ሁለት ሊሆን የሚችለውን ጢጥ ብሎ ይመልሰዋል። ግጥም ሊጻፍበት አይችልም። ነገር ግን በዚያች የጥር ቀን በመስኮቴ የሰማሁት «እሺ» ቅኔ ነበር። ሰሙ «ተስማምቻለሁ» ነው፤ ወርቁ «አልገባኝም፣ ግን ላላስቸግርህ» ነው። ከሰሙ ላይ አስፈረምሁባቸው፤ ወርቁን ሳልሰማ «ቀጣይ» አልሁ። ትሕትናቸውን እንደ ውል ወሰድሁት። ሣጥኑ እንኳ ያልገባውን በ«ጢጥ» ያስታውቃል፤ የእኛ እናቶች ግን አሳዳጊዎቻቸው «ጢጥ» እንዳይሉ አድርገው አሳድገዋቸዋል።

ከባሕር ዳር ስመለስ አንድ ነገር ለወጥሁ። «ገባዎት?» ማለትን ተውሁ። ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ያለው መልስ አንድ ነው፤ ያም «እሺ» ነው። በምትኩ «እማማ፣ ይህን ገንዘብ መቼ ማውጣት ይችላሉ? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» እላለሁ። ከአሥሩ ሰው ግማሹ የሚነግረኝ እኔ ከተናገርሁት የተለየ ነው። ያን ጊዜ እንደ አባቴ ቆራርጬ እንደ ገና እጀምራለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፤ ሰው ያጉረመርማል፤ አለቃዬም «ፈጠን በል እንጂ» ብሎ ያውቃል። በእውነት ይህን የማደርገው ሁልጊዜ አይደለም። የደከመኝ ቀን ቸኩዬ «ቀጣይ» የምልበት ጊዜ አለ። በዚያ ቀን ማታ ግጥም አይመጣልኝም።

በዚያ ዓመት መስከረም ሲጠባ አንድ እሑድ ተነሥቼ ወደ እኒያ እናት ቀበሌ ሄድሁ፤ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጠላ ቀድተው አስተናገዱኝ። «እግዚአብሔር የፈቀደው ነው ልጄ» አሉኝ። ልጃቸው በጎረቤት በሬ ሲያርስ በሩቅ አየሁት። ይቅርታዬን ተቀበሉኝ ወይስ ላላሳፍርህ ብለው ነው? አላወቅሁም፤ ይህንንም መልሼ ልጠይቃቸው ድፍረት አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ወደ ባንክ ሲመጡ በሌላ መስኮት ይሰለፉ ነበር። አልፈረድሁባቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ግን አንድ የገበያ ቀን የሥራ ባልደረባዬ ስለ አንድ ወረቀት ሲነግራቸው፣ እርሳቸውም ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። የያዝሁትን ብር አስቀምጬ ተነሣሁና ከባልደረባዬ ጎን ቆሜ «እማማ፣ ምን እንደ ተባሉ እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ» አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ሰልፉ በሙሉ ያየናል። ነጠላቸውን አስተካከሉና «አልሰማሁትም» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ከመጀመሪያው ይንገረኝ።»

ባልደረባዬ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሰልፉም ቆሞ ጠበቀ።

የዚያን ዕለት ማታ የጻፍኋት ይህች ናት፤

ጠራሁህ ከማዶ፣ ቆምሁኝ ከኮረብታ፣
ወይ እስክትለኝ ድረስ፣ አልልክም ሰላምታ፤
የነገር ባለቤት፣ ተናጋሪው አይደል፣
ሰሚው ነው ከማዶ፣ የቆመው ከገደል።

ቸር ይግጠመን።